ቀይ ሪባንና ከሲታዋ ድንች

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ ለእትዬ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተሻል? ደረጃ ስወርድ ይንቋቋብኛል ያልሽኝ ጉልበት እንዴት ሆነ? ሐኪም ቤት ሄደሽ ታየሽ ወይስ እንደ ልማድሽ ይሄም ያልፋል ብለሽ ተውሽው? የእማዬስ ዓይን? ባለቤትሽን የሚያስቸግረው ሳል ለቀቀው? ልጆቹስ ትምህርት ጀመሩ ወይስ አሁንም ደብተር እየገዛሽላቸው ነው? እኔ ካንቺ ናፍቆት በቀር ምንም አልጎደለብኝም። ጤናዬ ደህና ነው፤ እጄ ብቻ ከአፈር ብዛት የድንች ልጣጭ መስሏል። ይህ ሰላምታ ከዚህ ሲነሣ ትኩስ ነበር፤ መንገዱ ሩቅ ነውና በርዶ ቢደርስሽ አንቺው አሙቀሽ ተቀበይው።

ያለፈው ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ድንችሽ ይምከንና ወደ ቤትሽ ግቢ ብዬ እየጸለይኩ ነው ያልሽው ብቻዬን አስቆኝ፣ ለሥራ ባልደረባዬ ለትራክተር ነጂው ብተረጉምለት እሱንም አስቆት፣ እህትሽ ጠላታችን ናት ብሎኛል። ደግሞ እኮ አይፈረድብሽም። እኔን እዚህ ሰሜን ጥግ ያቆየኝ አንድ የድንች ቤተሰብ መሆኑን ታውቂያለሽ። ሦስት የእርሻ ወቅት ተሰጥቶት ነበር፣ ዘንድሮ የመጨረሻው ነው። ከዚያ ቤተሰብ አንድ እንኳ ካልተረፈ መደቡ ለሌላ ይሰጣል፣ እኔም ሻንጣዬን ይዤ ወደናንተ እመጣለሁ። አንድ ከተረፈ ግን የሚያሳድገው ሰው ያስፈልገዋልና እቆያለሁ። ለቀማው ከትናንት በስቲያ አልቋል። የሆነውን ከሥሩ ልንገርሽ፤ መጨረሻውን ቀድመሽ ገልጠሽ እንዳታዪ፣ ጠባይሽን አውቀዋለሁ።

ድንች ያው ድንች ነው፣ ምኑን ታዋልጂዋለሽ ብለሽኛል። እኔም ስመጣ የማስበው እንዲሁ ነበር። አንቺ ጓሮሽ ውስጥ ድንች ቆርጠሽ ስትተክዪ የምትተክዪው ልጅ አይደለም፣ ያንኑ ድንች ራሱን ነው። እናቱን መስሎ ሳይሆን እናቱን ሆኖ ይበቅላል። ልጅ የሚወለደው ከአበባው ነው። አበባው ይረግፍና አረንጓዴ ቲማቲም የመሰለች ፍሬ ትተካለች፤ መርዝ ነው፣ እንዳትነኩ እያልሽ ከልጆቹ እጅ የምትቀሚው እሱ ነው። ውስጡ ከሰናፍጭ የማይበልጥ ዘር ሞልቷል። ያ ዘር ሲዘራ ነው ጉዱ የሚመጣው። አንዱ ቀይ፣ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ዘንግ የሚያህል፣ አንዱ ድንክ፤ አንዱም ወንድሙን አይመስል። ከአንድ አባትና እናት አንቺን የመሰለች ቁጥብና እኔን የመሰለች ለፍላፊ የሚወጣው እኛ ቤት ብቻ መስሎኝ ነበር።

ማዳቀሉን ደግሞ ብታዪው ትስቂያለሽ። በመስታወት ቤቱ ውስጥ ከሴቲቱ ተክል ገና ያልፈነዳ አበባ እመርጥና በወረንጦ ከፍቼ ወንዴውን ነቅዬ አወጣለሁ። ከዚያ የመረጥኩላትን ባል አበባ በባትሪ በሚሠራ የጥርስ ብሩሽ አንቀጠቅጠዋለሁ። አዎ፣ የጥርስ ብሩሽ ነው ያልኩሽ፤ ንብ ስትንዘፈዘፍበት እንደሚያደርገው ዱቄቱን ያረግፈዋል። የረገፈውን ቢጫ ዱቄት በጣቴ ጫፍ ወስጄ አስነካታለሁ፣ ሠርጉ አለቀ። ሽማግሌውም ሚዜውም እኔው ነኝ።

እኔ የዳርኳት ሙሽራ የመጣችው ከእኛ ወገን ነው፤ ቀንና ሌሊቱ ዓመቱን ሙሉ እኩል ከሚሆንበት ደጋ። ቅጠሉን አጥቁሮ ማሳውን በእሳት የተለበለበ የሚያስመስለውን በሽታ ታውቂው የለ፣ አምና ያንቺን ጓሮ ድራሹን ያጠፋውን? እሷን አይነካትም። እዚህ ያለው ገበሬ ግን እሱን ፈርቶ በጋውን ሙሉ መድኃኒት ሲረጭ ነው የሚከርመው። አባትየው የዚህ አገር ድንች ነው። ቶሎ ይደርሳል፣ መልከ መልካም ነው፣ በሽታው ሲመጣ ግን መጀመሪያ የሚወድቀው እሱ ነው። የእሷን ጤና ከእሱ ቅልጥፍና ጋር የያዘ አንድ ልጅ ቢወለድ ብለን ነው ይህ ሁሉ ድካም።

ችግሩ ምን መሰለሽ? እዚህ በበጋ ሌሊት የሚባል ነገር የለም ማለት ይቻላል። እኔ ራሴ እንቅልፍ አልወስድ እያለኝ መስኮቴ ላይ ብርድ ልብስ ሰቅዬ ነው የከረምኩት። ድንች ደግሞ ሌሊት ይቆጥራል። የእኛ ወገን ድንች ሌሊቱ በቂ ነው ብሎ ካላመነ ከመሬት በታች ምንም አያፈራም፣ ገና ነው ገና ነው እያለ ቅጠልና አበባ ብቻ ያበዛል። እዚህ ሌሊቱ ረዘም ሲል ደግሞ ውርጩ ደረሰ። እሷ ልጀምር ስትል ውርጩ ይገላታል።

ይህን ከሰማሁ ወዲህ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም። ዓይን የሌለው ነገር ጨለማን በምን ይለካዋል? የምሠራበትን የድንች ምርምር ጣቢያ ኃላፊ ብጠይቃት በቅጠሉ ነው አለችኝ፤ ቅጠሉ ጨለማውን ቆጥሮ ወደ ታች ወሬ ይልካል። ወሬውን የሚያደርሰው ማነው ብዬ ደግሞ ጠየቅሁ። ስሙን እናውቀዋለን፣ ጠባዩን ግን ገና አልጨረስነውም አለችኝ። እኔ ደግሞ ጥያቄ ከጀመርኩ ማቆሚያ የለኝም፤ ደመና ሲሆንስ እንደ ሌሊት ይቆጥረዋል ወይ፣ የመንገድ መብራት አጠገብ ብንተክለውስ እያልኩ እስከ መኪናዋ በር ድረስ ሸኘኋት። በመጨረሻ መኪናዋን አስነሥታ ነው ያመለጠችኝ።

ይህች ኃላፊ እንግዲህ ዳኛዋ የምንላት ናት። ጸጉሯ ነጭ፣ ንግግሯ ቁጥብ፣ የምትስቀውም ከዓመት አንዴ ነው። ዳኛ የተባለችው በለቀማ ጊዜ ስለምትፈርድ ነው። በለቀማ እያንዳንዱ ተክል በእጅ ይቆፈርና የወለደው ድንች እዚያው ከጉድጓዱ አጠገብ አፈሩ ላይ ይደረደራል። ዳኛዋ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ በረድፉ መካከል ትሄዳለች። የወደደችው ጋ ስትደርስ የወረቀት ከረጢት ትጥላለች፣ ያልወደደችውን አልፋ ትሄዳለች። ፍርዱ ከአንድ ትንፋሽ አይበልጥም። ከኋላዋ ትራክተሩ ይመጣና የታለፈውን ሁሉ ለከብት መኖ ይሰበስበዋል። ስለ ተክልሽ መለመን፣ ማስረዳት፣ ማልቀስ ክልክል ነው። ዓመት ሙሉ እንደ ልጅ ያሳደግሽውም ቢሆን ዝም ነው።

ታዲያ አንድ ልማድ አላቸው። ለእያንዳንዱ ሠራተኛ በየዓመቱ አንድ ቀይ ሪባን ይሰጠዋል። ምሕረት ይሉታል። ሪባንሽን ያሰርሽበትን ተክል ዳኛዋም ብትሆን ልትጥለው አትችልም፣ ለከርሞው የግድ ይተከላል። ለምን አሰርሽ ብሎ የሚጠይቅሽ የለም፣ እሱን አታስሪው ብሎ የሚመክርሽም የለም። ካሰርሽ በኋላ ግን መፍታት አይቻልም። ልማዱ ለምን እንደተጀመረ ዳኛዋን ጠይቄያት ነበር። ሰው ሁሉ ዓይኑ የሚሳሳትበት መንገድ የተለያየ ስለሆነ አንድ ዓይን ብቻውን መፍረድ የለበትም አለችኝ። ይህ አባባሏ በጣም ደስ ብሎኛል።

እኔ ታዲያ ሪባኔን ምን እንዳደረግሁት ጠይቂኝ! በበጋው አጋማሽ ከልጆቼ አንዷ ተነሥታ ሰማይ ካልነካሁ አለች። ግንዷ አውራ ጣቴን ያክላል፣ ቅጠሏ ጥቁር አረንጓዴ ነው፣ አበባዋ ከሩቅ ይጠራል። በሽታው ጎረቤቶቿን ሲለበልብ እሷን ዝር አላለባትም። እኛ ቤት ምን እየተባለ ነው ያደግነው? ግንዱ ከወፈረ ሆዱ ሙሉ ነው አይደል? ስለ ሌሊቱ ነገር ዳኛዋ ነግራኛለች፣ ጆሮዬም ሰምቷል፤ ዓይኔ ግን አላመነም። ሳይቸግረኝ ሮጬ ሄጄ ሪባኔን አሰርኩባት። የዚህ አገር ሰው እንዲህ አይሳሳትም፤ ለቀማ ተቃርቦ ለምልማ የቆመች ድንች ካየ ራሱን ይነቀንቃል። የተሳሳትኩት በትክክል ስላደግሁ ነው ብዬ ራሴን አጽናናለሁ።

ትራክተር ነጂው በዚያ ባለፈ ቁጥር ኮፍያውን አንሥቶ ዛፍሽ እንዴት ዋለች ይለኝ ነበር። ስታድግ ጣውላ ይወጣታል፣ ለጎተራው በር ይበቃል ይላል። ይህ ሰው ትከሻው ሰፊ፣ አፉ የማያርፍ፣ ሰው ሳይነካ ምሳው የማይወርድለት ነው። ቅናት ነው ብዬ ንቄ ተውኩት።

ለቀማው ደረሰና ዛፌን ቆፈርኳት። እትዬ፣ ምንም የለም። ነጭ ክር መሳይ ሥር እንደ ተፈታ ሹራብ ተጠላልፎ ወጣ፣ ሌላ ምንም። አንድ ቦታ ያበጠች ነገር ያገኘሁ መስሎኝ በሸሚዜ ብጠርጋት ጠጠር ሆነች። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው። ነጂው ሞተሩን አጥፍቶ ሳቀ፤ ከሳቁ ብዛት መሪው ላይ ተደፋ። እኔም ምን ላድርግ፣ አብሬው ሳቅሁ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ የምለቅመውም አላገኘሁ። ምሕረት ተሰጥቷታል፣ የሚተከል ነገር ግን የላትም። ሪባኔ ባዶ ጉድጓድ ላይ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ሳቁም እየጠፋ ሄደ። የቀሩትን እህቶቿን ብቆፍር አንዷም ከአንዷ አትሻል። ያማሩ፣ የለመለሙ፣ ሆዳቸው ባዶ። አንዳንዷ አተር የምታህል ነገር ይዛለች፣ ላለማፈር ያህል። ዳኛዋ ሳትቆም ታልፋቸዋለች፣ ትራክተሩ ከኋላዋ ይሰበስባቸዋል። ሦስት ዓመት ሙሉ ያሳደግሁት ቤተሰብ ከፊቴ ወደ ከብት መኖ ሲሄድ እያየሁ መቆፈሬን ቀጠልኩ።

የመጨረሻው ረድፍ ጫፍ ላይ አንዲት ከሲታ ነበረች። በጋውን ሙሉ ዞር ብዬ ያላየኋት፣ አጠር ቀጠን ያለች፣ ውርጭ ገና ሳይመጣ ቅጠሏ ቢጫ መሆን የጀመረ ተክል ናት። የታመመች መስላኝ ትቻታለሁ። ቀርቤ ቅጠሏን ሳገላብጥ ግን አንድ ጥቁር ነጥብ የላትም። አልታመመችም፣ ሥራዋን ጨርሳ ማረፏ ነው። ከሥሯ ቆፈርኩ፣ የለም። ራቅ አድርጌ ቆፈርኩ፣ አንዲት ድንች ወጣች። ሌላ ደግሞ ከዚያ አልፎ በሌላ አቅጣጫ። ልጆቿን ጎረቤት ያሳደረች ይመስል አፈሩን ሁሉ አስሼ አምስት አገኘሁ። ትልቋ የዶሮ እንቁላል ብታክል ነው። ዓይናቸው የጎደጎደ፣ ቅርጻቸው የተጣመመ፣ ለመላጥ እንኳ የማይመቹ። ግን ድንች ናቸው፣ እትዬ! የእኛ ወገን ልጅ ሌሊት በሌለበት አገር ወለደች። ሌሊቱን ከየት አገኘችው? ወይስ ከአባቷ ሌሊት አለመቁጠርን፣ ከእናቷ ጤናማውን ቅጠል መርጣ ወሰደች? ማን አስመረጣት? አምስቱን አፈሩ ላይ ደረደርኳቸው።

ዳኛዋ መጣች። ቆመች። ከአንድ ትንፋሽ በላይ ቆየች፣ አንዷንም በጫማዋ ጫፍ ገልበጥ አድርጋ አየቻት። ከዚያ ከረጢት ሳትጥል አለፈች። ልክ ናት። እንዲህ በየአቅጣጫው የሚበተነውን ማሽን አይለቅመውም፣ ገበሬም አይተክለውም። መናገር አይፈቀድልኝ፣ ሪባን የለኝ፣ ትራክተሩ እየቀረበ ነው። በዚያች ቅጽበት ሻንጣዬን በዓይነ ሕሊናዬ አየሁት፤ አንቺንም በር ላይ ቆመሽ አየሁሽ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን የማየው አምስቱን ድንቾች ነበር።

ትራክተሩ ከሲታዋ ጋ ሲደርስ ቆመ፣ ነጂውም ወረደ። ይህ ሰው እዚህ በሠራበት ዘመን ሁሉ ሪባኑን ለተክል አስሮ አያውቅም ይባላል። አምና የተሰበረ የመሣሪያ እጀታ ጠፍሮበት በዓይኔ አይቻለሁ። ከደረት ኪሱ በዘይት የጠቆረ ሪባን አወጣ፣ እንደዚያ ያለ ግዙፍ ሰው ተንበርክኮ ያቺን ቀጭን ግንድ እንዳትሰበርበት ተጠንቅቆ አሰረ። ለምን ብዬ ጠየቅሁት፤ መጠየቅ እንደማይገባ ረስቼ ነው። ለከርሞ ስንት እንደምትወልድ ማየት እፈልጋለሁ አለኝ። ይህን ብሎ ትራክተሩ ላይ ወጥቶ ሞተሩን አስነሣ።

ዳኛዋ ከፊት ቆማ ስታየን ነበር። ወደ እኛ ስትመለስ ተቆጥታ መስሎኝ ደነገጥሁ። እሷ ግን ጎንበስ አለችና አምስቱን ድንቾች አንድ በአንድ አንሥታ፣ አፈራቸውን በአውራ ጣቷ እየጠረገች ከረጢት ውስጥ ከተተቻቸው። እኔም ማየት ፈልጌ ነበር አለች፤ ግን ዳኛ ሪባን የለውም። ከረጢቱን ለእኔ ሰጥታኝ ወደ ረድፏ ተመለሰች።

አሁን አምስቱ ከክፍሌ በታች ባለው ቀዝቃዛ ማከማቻ ውስጥ ተኝተዋል። እስኪነቁ ድረስ በየጠዋቱ እየወረድኩ አያቸዋለሁ፤ የሚታይ ነገር የለም፣ እኔ ግን አያለሁ። ከሲታዋ ስትነቃ ተከፋፍላ ትተከላለች፣ ልጆቿን ወደ ቤት ሰብሰብ የሚያደርግላት ባልም እፈልግላታለሁ። ገበሬ እጅ የምትገባ ዝርያ ለመሆን ገና ብዙ ዓመት ይቀራታል፤ ምናልባት በከርሞው ለቀማ ትወድቅ ይሆናል። እኔ ግን የጥርስ ብሩሼን አዘጋጅቻለሁ።

እንግዲህ እትዬ፣ ገብቶሻል። ዘንድሮ አልመጣም። የጓዳውን ክፍል ጠርገሽ፣ አልጋውን ወደ መስኮቱ አዙረሽ እንደምትጠብቂኝ አውቃለሁ፤ እማዬም ቀኑን በየጊዜው እንደምትጠይቅሽ አውቃለሁ። ተገድጄ ቀረሁ ብልሽ ታምኚኝ ይሆናል፤ ግን አንቺን ዋሽቼ አላውቅም። ነጂው ሪባኑን ሲያስር እልል ልል ምንም አልቀረኝም። መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ አንቺ ትዝ ያልሽኝ ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ደብቄሽ ከምትወጂኝ ነግሬሽ ብትቀየሚኝ ይሻለኛል።

ለእማዬ ጉልበቷን ስሜ ሰላም ብያታለሁ፤ የመቅረቴን ነገር አንቺው እንደምታውቂበት አድርገሽ ንገሪያት፣ ከእኔ ይልቅ ካንቺ አፍ ስትሰማው ይቀላታል። ለባለቤትሽ ሳሉን ሐኪም ሳያይለት ከእኔ ሰላምታ የለውም በይው። ትንሹን ልጅሽን አገላብጠሽ ሳሚልኝ፤ አክስቴ መጥታ ታዝለኛለች ብሎ እንደሆነ የሚታዘልበት ዕድሜ ሳያልፍ እደርሳለሁ በይው። ለትልቋም ሰላምታዬን አድርሺልኝ። እስክመጣ ድረስ በመስኮቱ በኩል ያለው አልጋ የእሷ ነው።

ለፍላፊዋ ታናሽሽ

ከድንች ጣቢያው፣ ከማከማቻው በላይ ካለው ክፍል
መስከረም ፳፬ ቀን